አጎቴ ፈረስ ነው፦ የ1966 ሙስታንግ ጥገና ማስታወሻ

ሳምንት 1

ገዛኋት። 1966 ፎርድ ሙስታንግ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ድፍን፣ ኩፔ የሚሏት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጓሮ ሸራ ለብሳ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ሰውየው በ6,000 ጀመረ። "ካምቢዮዋ ችግር አለበት፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትነሳው" ብሎ ራሱ ስለነገረኝ 5,200 ላይ ተስማማን። በጭነት ቤት ማድረሻ 180 ዶላር።

ቀይ ናት። ከሩቅ ልብ ትሰርቃለች። ቀረብ ሲሉ ግማሹ ስቱኮ ነው። ማግኔት ይዤ ዞርኳት፤ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ማግኔቱ አልይዝ ብሎ ወደቀ።

ኮፈኗን ከፍቼ ፎቶ ለጓደኞቼ ላክሁ። የመጀመሪያው መልስ፦ "ቪ8 አይደለችም እንዴ?" አይደለችም። ቪ8 ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ጉልበተኛው ሞተር ነው፤ ይቺ ስድስት ሲሊንደር ናት። የቪ8 ኩፔ በዚህ ዋጋ አይታሰብም።

የሹፌር በር ላይ የተመታችው ቆርቆሮ እንደ ልደት ሰርተፊኬት ናት። ቁጥሩ በ6T07T ይጀምራል። 6 ማለት የ1966 ሞዴል። የመጀመሪያው T ኒው ጀርሲ ያለው የሜታቸን ፋብሪካ። 07 ኩፔ። ሁለተኛው T ባለ 200 ኪዩቢክ ኢንች ስድስት ሲሊንደር፣ 120 የፈረስ ጉልበት። የቀለሟ ኮድ M ነው፣ ማለትም ነጭ። ቀዩ የኋላ ሰው ሥራ ነው። ቀኑ 14C፣ መጋቢት ወር ላይ ማርች 14 አካባቢ ልትሠራ የታቀደች ናት። ያ ፋብሪካ በ2004 ተዘግቶ ቦታው ገበያ ሆኗል። ወደ ኒውዮርክ ስነዳ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

ሳምንት 2

የመጀመሪያ ጥፋት። ያለኝ ቁልፍ ሁሉ የቶዮታ ነው፤ 10፣ 12፣ 14 ሚሊሜትር። ይቺ መኪና የምታውቀው ኢንች ብቻ ነው። የግማሽ ኢንች ብሎን ላይ 13 ቁልፍ ይገባል፣ የገጠመ ይመስላል። 12.7 እና 13 ናቸው። ያቺ ትንሽ ልዩነት የዛገ ብሎን ላይ ስትመጣ ጫፉን አሟልጣ ትሄዳለች። አንዱን አበላሽቼ በመጋዝ ቆረጥኩት። በማግስቱ የኢንች ቁልፍ ስብስብ ገዛሁ፣ 95 ዶላር።

ሁለተኛው ዜና ጥሩ ነው። ካምቢዮው ምንም አልሆነም!

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሲ4 የሚባለው የፎርድ አውቶማቲክ ካምቢዮ በእነዚያ ዓመታት ማርሽ መምረጫው ላይ D የሚል ፊደል የለውም። ሁለት ነጥቦች ናቸው ያሉት፤ አንድ ትንሽ፣ አንድ ትልቅ አረንጓዴ። ትልቁ ላይ ካደረጉት ከአንደኛ ተነስቶ እስከ ሦስተኛ ራሱ ይቀያይራል። ትንሹ ላይ ካደረጉት ሆን ተብሎ በሁለተኛ ነው የሚነሳው፤ ለበረዶና ለሚያንሸራትት መንገድ የታሰበ ነው። ሰውየው ዘመኑን ሁሉ ትንሹ ነጥብ ላይ ሲነዳ ኖሯል። መመሪያ መጽሐፉን አግኝቼ ባላነብ ኖሮ እኔም ካምቢዮ ላወርድ ነበር። ዘይትና ፊልትሮ ቀይሬ ተውኩት።

800 ዶላር ያስቀነሰኝ ነጥብ። ትንሽ ኅሊናዬን ቆረቆረኝ፣ አልዋሽም።

ሳምንት 3 እና 4

ምንጣፉን አነሳሁ። በሹፌሩ በኩል የጋራዡ ሲሚንቶ ይታያል። አንድ ሰው ከሥሩ የመንገድ ምልክት ቆርቆሮ በሪቬት መትቶበታል። ቢጫ ነው፤ ከፊደሎቹ ግማሹ አሁንም ይነበባል።

ይቺ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይዶ አንድ ላይ ነው ክብደቱን የሚሸከመው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ተሳሳትኩ። መሀሏን በክሪክ አንስቼ የግራውን ወለል ቆረጥኩ። በሩን ልዘጋ ስል አልዘጋ አለኝ። ከኋላው ጠርዝ ግማሽ ሴንቲሜትር ወርዷል።

ሁሉንም አቁሜ መኪናዋን እንደገና አስቀመጥኳት። ክብደቷ በባልስትራውና በፊት ሞላው ላይ እንዲያርፍ ከጎማዎቹ አጠገብ ደገፍኳት። በሩ ቀዳዳ ውስጥ ከጥግ ወደ ጥግ የብረት ቱቦ በየድኩ። በሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንዱን ጎን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። ግራና ቀኝ ወለል 230 ዶላር፣ ትንሽ የሚግ ብየዳ ማሽን 420። የመጀመሪያ ብየዳዬ የርግብ ኩስ ይመስላል። ምንጣፍ ይሸፍነዋል።

ወለሉን እየፈለፈልኩ ስለዚች መኪና ዘር ማንበብ ጀመርኩ። ሙስታንግ ሚያዝያ ወር ላይ፣ ኤፕሪል 17 1964፣ በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ወጣች። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ትእዛዝ ተቀበሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ418,000 በላይ ተሸጠች። የፎርድ ኃላፊ የነበረው ሊ አያኮካ በዚህች መኪና ስሙ ገነነ።

ይህ ሁሉ እንዴት በዚያ ዋጋ ሆነ? ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ሥሩ ግን ፋልከን ነው። ፋልከን የፎርድ ትንሽ የቤተሰብ መኪና ነበረች። ቁጠባ የሚወዱ ሰዎች የሚገዟት፣ ሳታምር የምታገለግል። ያኔ የፎርድ ኃላፊ የነበረው የሮበርት ማክናማራ ሥራ ናት። አዎ፣ ያው በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር፣ ከዚያ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የሆነው ማክናማራ። ሞተሩ፣ መሪው፣ የሥር አካሉ ብዙው ከፋልከን መጣ። የ1965 ሙስታንግ መደበኛ ክሩስኮት ሳይቀር የፋልከን ዓይነት አግድም የፍጥነት መለኪያ ነበረው። ለኔዋ 1966 ነው ክብ ክቦቹ ለሁሉም የተሰጡት።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ አጎቴ ፈረስ ነው አለች አሉ። ፍርግርጓ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ለጥፋለች፤ ስለ ፋልከን አታወራም።

ሳምንት 5

ዝናብ ዘነበ። ጋራዡ ጠቦኝ ውጭ አሳድሬያት ነበር። ጠዋት አዲሱ ወለል ላይ ሁለት ጣት ውሃ አቁሯል።

ጣሪያው እያፈሰሰ ሊሾ የሚያስደርግ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ከፊት መስታወቱ ሥር ለአየር ማስገቢያ የተሠራ ባዶ ሳጥን አለ። ካውል ይሉታል። የዝናብ ውሃ በወንፊቱ ገብቶ በሁለቱ ጎን እንዲወርድ ነው የተሠራው። ውስጡ ግን ጥሬ ብረት ነው፣ ቀለም የነካው አይመስልም። ቅጠል ይገባል፣ እርጥብ ቅጠል ይከማቻል፣ የአየር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይዝጋል፣ ውሃው ቀጥታ እግር ላይ ይወርዳል። ወለሉን የበላው ይኼው ነው። ይቺን መኪና የሚገዛ ሰው ከማንኛውም ነገር በፊት አንድ ጆግ ውሃ ይዞ ወንፊቱ ላይ ያፍስስ፣ ከዚያ እጁን ከክሩስኮቱ ሥር ይስደድ። ነጻ ምርመራ ነው። እኔ አላደረግሁትም።

ሳምንት 6 እስከ 9

ካውል። አራት ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ።

ሳጥኑ ከላይና ከታች ሁለት ላሜራ ነው፤ በነጥብ ብየዳ የተሰፋ። ላይኛውን ለማንሳት ነጥቦቹን አንድ በአንድ በልዩ መሰርሰሪያ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሥር ያለውን ላሜራ ሳይበሱ። 90 ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩ። ኮፈኑ፣ የፊት መከላከያዎቹ፣ መጥረጊያዎቹ ሁሉ ወረዱ። መስታወቱን ሳወጣ ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። "ጎማውን በቢላ ቁረጠውና አውጣ" ተብዬ ነበር። እኔ ጎማውን ለማዳን ስል መስታወቱን ሰበርኩ። የጎማው ዋጋ የመስታወቱን ሲሶ አይሆንም። መስታወት ከነጎማው 240።

ላሜራው ሲነሳ ከውስጡ የአይጥ ጎጆ፣ የጥድ ፍሬና አንድ የ1972 ሳንቲም ወጣ። የአየር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንደ ወንፊት ነው። መጀመሪያ በፋይበርና በማጣበቂያ ልደፍነው አሰብኩ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሁለት ዓመት ይይዛል ይላሉ። ወለሉን ሁለት ጊዜ የምሠራበት ጉልበት ስለሌለኝ የታችኛውንም ላሜራ አዲስ ገዛሁ። ሁለቱ 310፤ ኤፖክሲ ቀለምና የመጋጠሚያ ማሸጊያ 130።

ላይኛውን ከመበየዴ በፊት ውሃ ሞላሁበትና ሌሊቱን አሳደርኩት። ጠዋት ወለሉ ደረቅ። ሚስቴ መጥታ አየችው። "አራት ሳምንት ለዚህ ነው?" አለች። ለዚህ ነው።

ሳምንት 10

ፍሬን። የ1966 ሙስታንግ ፍሬን ማስተር (ፔዳል ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አይኖረውም። ፎርድ በ1967 ሞዴል ነው የፊቱንና የኋላውን የለየው። እዚህ ላይ ስለ ኦሪጅናል አልከራከርም። ባለ ሁለት ክፍል ማስተር፣ አዲስ ቱቦዎች፣ የፍሬን ሸራና የጎማ ሲሊንደሮች፣ በድምሩ 385። ታምቡሮቹ ለስድስት ሲሊንደር የሚሰጡት ባለ 9 ኢንች ናቸው። ቪ8ቱ 10 ኢንች ነበር የሚያገኘው።

ከፍሬን ቱቦዎቹ አየር ለማስወጣት ልጄ ፔዳል ረገጠ፣ እኔ ከሥር። "ርገጥ" "ያዝ" "ልቀቅ"። በሦስተኛው ጎማ ላይ ሰለቸውና እኔ ብሎኑን ሳላጠብቅ ለቀቀ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ሳምንት 11

የቤንዚን ሳልባትዮ። የፖርቶ ባጋሎውን ወለል አንስቶ ሳልባትዮ ፍለጋ መግባት አያስፈልግም። ወለሉ ራሱ ሳልባትዮው ነው። 16 ጋሎን፣ 60 ሊትር ገደማ፤ ከላይ ወደ ቀዳዳው ገብቶ ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። ሻንጣ የሚቀመጠው ቤንዚን ላይ ነው ማለት ነው። ርካሽ ዘዴ ነው፣ እኔ ግን ስለርካሽነቱ አመሰገንኩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል አልፈጀብኝም። ውስጡ እንደ ቡና ጀበና ሥር ዝገት አቅርሯል። አዲስ 215። የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ዛሬ ያለውን ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በሚችሉ ቀየርኩ፣ 60።

ሳምንት 12 እና 13

ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ጭሱ ግቢውን ሸፈነው፤ ከዚያ ጠራ። ደስታዬ አምስት ደቂቃ ቆየ።

ቆማ ስትሠራ ጥሩ ናት። ስነዳት ግን ነዳጅ ስረግጥ ትታፈናለች፣ ትንሽ ቆይታ ትነቃለች። ዳገት ላይ ጉልበት የለም። ካንዴላ ቀየርኩ። ቦቢና ቀየርኩ። ስፔንትሮጅኑ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለውን ፑንቲና በ0.025 ኢንች ደጋግሜ አስተካከልኩ። የካንዴላ ገመዶቹን ተራ ሦስት ጊዜ አየሁ፦ 1-5-3-6-2-4። ትክክል ነው። አራት ማታ በዚህ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ የማውቃቸውን ጡረታ የወጡ መካኒክ ለመንኳቸው። አዲስ አበባ ፊያትና ፎልክስ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የአሜሪካ መኪና ብዙ አይወዱም። ኮፈኑ ላይ ተደግፈው ለትንሽ ጊዜ ሰሙና፦

"ካርቡራተሩ የራሷ ነው?"

"አይደለም ጋሼ። የድሮው ስለቆሸሸ ታድሶ የተሸጠ ገዛሁ። 240 ዶላር።"

"ስፔንትሮጅኑስ?"

"እሱ የራሷ ነው።"

"እንግዲህ አይግባቡማ! አንዱ ሌላ ቋንቋ ነው የሚያወራው። የድሮውን አምጣው፣ ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።"

ጎን ለጎን አደረግናቸው። ሁለቱም ባለ አንድ ጉሮሮ ኦቶላይት ይመስላሉ። የድሮው ላይ ግን በጎኑ የተጠመዘዘች፣ የአውራ ጣት የምታህል ቫልቮላ አለች። አዲሱ ላይ የለችም።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ይህን ነው። በዚያ ዘመን የፎርድ ስድስት ሲሊንደሮች ስፔንትሮጅን ሎድ-ኦ-ማቲክ ይባላል። በሌላው መኪና ሞተሩ ሲፈጥን ውስጥ ያሉ ትናንሽ ክብደቶች ተወርውረው የእሳቱን ሰዓት ያስቀድማሉ። ሎድ-ኦ-ማቲክ ክብደት የሚባል የለውም። ሙሉ በሙሉ ከካርቡራተሩ በሚመጣ ቫኪዩም፣ ማለትም በመምጠጥ ኃይል ነው የሚሠራው። ያቺ ቫልቮላ ነዳጅ ሲረገጥ ቫኪዩሙን የምትቆጣጠረው ናት። እሷ ከሌለች ስፔንትሮጅኑ የተሳሳተ ወሬ ይሰማል፤ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል። የኋላ ዓመት ካርቡራተር ልግጠም ካልኩ የ1968 እና ከዚያ ወዲህ ያለውን ባለ ክብደት ስፔንትሮጅን አብሬ መግጠም ነበረብኝ። አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም።

የድሮውን ለሻጩ ከላክሁ 60 ዶላር መያዣ ይመለስልኛል፤ በማግስቱ ልልከው ነበር። በካርቶን ታሽጎ በር ሥር ተቀምጧል። ቴፑን ቀደድኩት። ሙሉ ጓርኒሲዮን 38፣ አዲስ ቫልቮላ 35። ሌሊቱን በኬሚካል ነከርኩት፣ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋሁ፣ ገጠምኩት። ዳገቱን ወጣች። ያ 240 ዶላር አሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ጋሼ ሻይ እየጠጡ "ይቺ መኪና እኮ ፊያት ናት፣ ትንሽ ወፍራለች እንጂ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ሙገሳ ነው።

ሳምንት 14

እጄ ባዶ ነው፤ የበር ጎማ እየጠበቅሁ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚጠይቀኝን ልመልስ፦ ለምን ቪ8 አትገጥምላትም?

አስቤበታለሁ። ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተር ይገኛል። ግን ሞተሩ ብቻውን አይመጣም። የሞተር መቀመጫው፣ ራዲያተሩ፣ የፊት ሞላው፣ ካምቢዮው ይለወጣል። የስድስት ሲሊንደር ጎማ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ የቪ8 በአምስት። ስለዚህ የፊት እግሯ፣ የመሪው ዘንጎች፣ ፍሬኑና የኋላ ዲፈረንሻሉ ሁሉ ይከተላሉ። ስጨርስ የኔ መኪና በሯና ጣሪያዋ ብቻ ይቀራል።

ስድስቱን እንዳለ ማጎልበትም ቀላል አይደለም። በሌሎች ሞተሮች ኮሌክተሩን፣ አየርና ነዳጁን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ፣ ፈትቶ ትልቅ መግጠም ይቻላል። በዚህኛው ኮሌክተሩ ከቴስታታው (ከሞተሩ ክዳን) ጋር አንድ ላይ የተቀለጠ ብረት ነው። እንደ ግንድ ከጎኑ ተጋድሟል። ፎርድ ርካሽ እንዲሆን ነው የሠራው፤ ፈጣን እንዲሆን አይደለም።

ፈጣን የሆኑት ሌሎች ናቸው። የጡንቻ መኪና የሚሉት፣ ተራ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር የሚገጠምበት ዘመን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖች ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ጆን ዲሎሪያን ያሉበት የፖንቲያክ መሐንዲሶች 389ኙን ሞተር ቴምፔስት የሚባለው መካከለኛ መኪናቸው ላይ ገጠሙት። አዲስ ሞዴል ቢሉት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ "ተጨማሪ ዕቃ" አሉት፣ 300 ዶላር ገደማ። አለቆቹ ሲነቁ ገዢው ተሰልፏል። በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ሸጡ። ሕግ በዝርዝር ተጽፎ በዝርዝር ሲታለፍ አገር ቤት ብቻ የምናየው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እስከ 1970 ድረስ ሁሉም ሞተር እያሳበጠ ሄደ። ከዚያ ኢንሹራንስ ተወደደ፣ የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ መጣ፣ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ የሞተሮቹን ኮምፕሬሽን ቀነሰ፣ በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ማዕቀብ። የ1974ቱ ሙስታንግ ጭራሽ ቪ8 አልነበረውም። ቀድሞ የተናቀው ትንሽ ሞተር ያን ጊዜ ተፈለገ። የኔዋ ይህን ሁሉ በነጭ ቀለሟ ቆማ አይታለች።

ቪ8 አልገጥምም። ተዘጋ።

ሳምንት 16

ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የአንቲክ ታርጋ ያገኛል፤ ዓመታዊ ምርመራም አይጠየቅም። ማለትም ቦሎ የለም። ነገር ግን የዕለት መመላለሻ ማድረግ አይፈቀድም። ምርመራ ባይጠየቅም ጋሼን ከሥሯ አስገብቻቸዋለሁ። አንድ የላላ ዳዶ አገኙ፣ የግራ አሞርዛተር ላይ። አልተናገሩም፤ አጥብቀው ወጡና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ።

ሒሳብ እስካሁን፦ መኪናዋ ከነማጓጓዣዋ 5,380፣ የቀረው ሁሉ 2,398። ድምር 7,778። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ዘይትና የሚስቴ ትዕግሥት አልተቆጠሩም። ቀለም ገና ነው። ወደ ነጭ እመልሳታለሁ፣ ዋጋ የጠየቅኋቸው ሁለት ቦታዎች ግን መኪናዋን ከገዛሁበት በላይ ነው የነገሩኝ።

እሁድ ቤተሰቡን ጭኜ ወጣሁ። ልጄ ከኋላ ሆኖ መስኮቱን በእጅ የሚያዞረውን ነገር እንደ አሻንጉሊት ሲያሽከረክር ዋለ። ትልቁ አረንጓዴ ነጥብ ላይ አድርጌ፣ ከአንደኛ ተነስቼ። አንድ መብራት ላይ አንድ ሰው መስኮቱን አውርዶ "ቪ8 ናት?" አለኝ። "አጎቷ" አልኩት። አልገባውም።

ስንመለስ ዘነበ። የሹፌሩ ወገን ደረቅ ነው። በሚስቴ በኩል አንድ ጠብታ ጫማዋ ላይ ወረደች፤ ቆይታ ሌላ ጠብታ። ካውሉ አይመስለኝም፣ የማሞቂያው ሳጥን ማሸጊያ ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ የክሩስኮቱን ሥር እከፍታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቀምሼ አያለሁ፤ ጣፋጭ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው።

ሰኞ፦ አትቅመስ አሉ ጋሼ በስልክ፣ መርዝ ነው። ነጭ ወረቀት አንጥፍበት፣ አረንጓዴ ከሆነ የራዲያተር ነው። ወረቀት አንጥፌያለሁ።